ውሸታሙ ፒካፕ

የመጨረሻው ተራ ቀን ቅዳሜ ነበር። ወንድሜ ደረጀ ግቢያችን ውስጥ የፒካፑን ኮፈን ከፍቶ፣ ግማሽ አካሉን ወደ ውስጥ አስገብቶ ያፏጫል። እኔ መሪው ፊት ተቀምጫለሁ። ሥራዬ አብራ ሲለኝ ማብራት፣ አጥፋ ሲለኝ ማጥፋት ነው። መብራቱ ጥላ ያረፈበት የቆርቆሮ አጥራችን ላይ ስለሚወድቅ ከተቀመጥኩበት ሆኜ አየዋለሁ።

«አብራ።»

አበራሁ።

«እህስ?»

«ይርገበገባል።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ግራው ይብሳል።»

«ግራ ነገር መቼ አርፎ ያውቃል» አለ ከውስጥ።

ይህ ለእኔ ነው። ግራኝ ነኝ።

እማዬ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ምስር ትለቅማለች። ጾም ነበር። ዶሮዎቹ የምትጥለውን ጠጠር እየሮጡ ያዩና ተናደው ይመለሳሉ።

ይህን ቀን ለመጻፍ ስሞክር ሁልጊዜ እዚህ ላይ እቆማለሁ። እሱ ያፏጫል፣ እማዬ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ አበራለሁ፣ አጠፋለሁ። ከዚህ አልፌ መሄድ አልፈልግም። ሰሞኑን ግን ጎረቤታችን የብረት በሩን ሊቀባ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ መጣ። የተፋቀ ቀለም ሽታ፤ ጉሮሮን ትንሽ የሚከረክር፣ ግን የማልጠላው። ስለዚህ ልሞክር።

ያን ዓመት አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የከሰዓት ፈረቃ። ጠዋቱ የእኔ ነበር። የእኔ ማለት የደረጀ ነበር። አባታችን እኔ ቆሜ መሄድ ሳልጀምር ስለሞተ፣ ሰው «አባትህ» ሲለኝ ዓይኔ ላይ የሚመጣው የደረጀ ጃኬት ነው። ሽንኩርት ሽንኩርት፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ቡናማ ጃኬት። ሳይነጋ ሲቀሰቅሰኝ መጀመሪያ የሚደርሰኝ የጃኬቱ ሽታ ነው፤ ከዚያ ድምፁ።

ፒካፑ የእሱ አልነበረም። የእትዬ ዘርፌ ነበር። እትዬ ዘርፌ አዳማ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ድምፃቸው ከሦስት ሱቅ ወዲያ የሚሰማ ሴት ናቸው። ደረጀ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ በፊት እዚያው ገበያ በጀርባው ጆንያ ይሸከም ነበር። ትከሻው ላይ የቀረ ጠባሳ ነበረው፤ እኔ ሁሉም ሾፌር ይዞት የሚወለድ ምልክት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ እትዬ ዘርፌ ቁልፉን ሰጡት። ጨለማ ሳለ ተነስተን በመልካሳ አድርገን ወደ ዴራ እንወጣለን፤ አዋሽ ዳር ካሉት እርሻዎች ሽንኩርት እንጭናለን፤ ገበያው ሲከፈት አዳማ እንገባለን። እኔ ጆንያ ላይ ተኝቼ፣ ወይ ፊት ተቀምጬ፣ ብዙ ጊዜም እያወራሁ።

ከጥምቀት በፊት እትዬ ዘርፌ ፒካፑን አስቀቡት። ዝገት የበላው የፊት ክንፉ ተቀጥቅጦ ተስተካከለ፤ ከዚያ መላ አካሉ ሰማያዊ ሆነ። ታቦት ለመሸኘት የሰፈሩን ልጆች ጭኖ ሲወጣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየው ነበር። በዚያው ሳምንት መብራቱ መርገብገብ ጀመረ።

እማዬ ምክንያቱን ወዲያው አወቀች።

«ዓይን በልቶታል» አለች። «እንዲህ አሳምራችሁ አደባባይ ስታወጡት ዝም የሚባል መሰላችሁ?»

«እማዬ፣ መኪናን ቡዳ አይበላም» አለ ደረጀ።

«ቀለም ሳይቀባ ደኅና አልነበረም?»

«ነበረ።»

«እንግዲያው።»

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል አምጥታ ሁለቱንም መብራት ረጨቻቸው። እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ቀን ደኅና ሆነ። ከዚያ አንድ ንጋት የመልካሳው ድልድይ ላይ ስንደርስ እንደገና ጀመረው። ደረጀ ሳቀ። «ጠበሉ የሚሠራው እስከ አዋሽ ነው» አለኝ። ይህን ለእማዬ እንዳልነግር ከረሜላ ገዛልኝ።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ ልማድ አለ። አሁንም ያለ ይመስለኛል። ሾፌር ትራፊክ ፖሊስ የቆመበትን ካለፈ፣ ከፊቱ ለሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ ብልጭ አድርጎ ይነግረዋል። የተነገረው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቀበቶውን ይስባል፤ ትርፍ የጫነውን ያወርዳል። ማንም አይተዋወቅም፣ ሁሉም ይተማመናል።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ፒካፑ ሰላምታ የሚሰጥ ነበር የሚመስለኝ። ያ ሁሉ የጭነት መኪና እኛ ጋ ሲደርስ ዝግ እያለ፣ ሾፌሩ ጎንበስ እያለ ቀበቶውን ሲስብ፣ እጅ የሚነሱን መስሎኝ ኩራት ይሰማኝ ነበር። በመስኮት እጄን አውጥቼ እመልስላቸው ነበር። ደረጀ አንገቱን ወደ ጃኬቱ ውስጥ ይከታል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

የገባኝ በጋሽ በቀለ ነው። ጋሽ በቀለ ከሁሩታ ወደ አዳማ ስንዴ የሚያመላልሱ፣ ባርኔጣቸውን ለምግብ እንኳ የማያወልቁ ሽማግሌ ሾፌር ናቸው። አንድ ንጋት የፒካፑን መብራት ሳናጠፋ ዴራ የምንቆምበት ሻይ ቤት ፊት አቁመን ነበር፤ እሳቸው ከዳገቱ ሥር አይተውት መጡና መኪናቸውን አቁመው እየተጣደፉ ወደ እኛ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ትራፊኩ የታለ?»

ደረጀ ከወንበሩ ተነሳ። «የለም፣ ጋሼ።»

«እንዴት የለም? አልነገርከኝም?»

«አልነገርኩዎትም። መብራቱ ራሱ ነው። ይርገበገባል።»

«ስንዴው ላይ የጫንኳቸውን ሰዎች እኮ አወረድኳቸው። አሮጊት አሉበት። ያን ዳገት በእግራቸው እየወጡ ነው ያሉት፤ እዚህ ሲደርሱ ምን ልበላቸው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔ እስከ ዛሬ በአፉ የሚዋሽ ነው የማውቀው። በመብራት የሚዋሽ ሰው ያየሁት አንተን ነው። ከእንግዲህ ብትጠቅሰኝ አላምንህም።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ይበልጥ የሳቀው ከድር ነው። ከድር የደረጀ ጓደኛ ነው፤ የኢተያ ልጅ፤ እሱም በዚያው መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ላይ ባየን ቁጥር ወንበሩን እያንቀሳቀሰ «ውሸታሙ መጣ፤ ቦታ ልቀቁለት» ይል ነበር።

«አካም ቡልቴ ደሬ? እንዴት አደርክ? ዛሬስ ስንት ትራፊክ ወለድክ?»

«ለአንተ የሚሆን አንድ አለ፤ ድልድዩ ጋ ይጠብቅሃል» ይላል ደረጀ።

«ይጠብቀኝ። ከአንተ የተወለደ ምን ያደርገኛል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተስ? አንተም እንደ ወንድምህ ነህ?»

«እኔ አልዋሽም» እላለሁ።

«ይኸው፣ ይሄ ራሱ ውሸት ነው።»

ደረጀ አብሮ ይስቃል። ሲያፍር ግን ጆሮው ይቀላ ነበር። የከፋው ደግሞ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን እውነተኛ ትራፊክ ቆሞ ነበር። ደረጀ አለፈውና ጋሽ በቀለ ከፊት ሲመጡ ሆን ብሎ መብራቱን ብልጭ ብልጭ አደረገላቸው። እጁንም አውጥቶ አወዛወዘ። ጋሽ በቀለ አፍንጫቸውን ነፍተው፣ ይባስ ብለው ፈጥነው አለፉን። ምን እንዳገኛቸው ማታውን መንገዱ ሁሉ ሰማ። ከድር ሲነግረን እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ደረጀ ግን ያን ቀን አልሳቀም። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ለእትዬ ዘርፌ መልስ አላጣም» አለኝ። «ለእነዚህ ግን ምን እላለሁ? እውነቱን ብነግራቸውስ ማን ያምነኛል?»

ለእትዬ ዘርፌም መልስ የሚያስፈልግበት ቀን መጣ። ፋሲካ ሲቃረብ ሽንኩርት እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም፤ ቤቱ ሁሉ ለዶሮው ሽንኩርት ይፈልጋል። እትዬ ዘርፌ ጆንያ ላይ እንደተቀመጡ አስጠሩት። እኔም ጎኑ ነበርኩ።

«ደረጀ ልጄ፣ ለፋሲካ በቀን ሁለቴ ካልገባልኝ ደንበኞቼን አጣለሁ። ይሄ ደግሞ ያለ ጨለማ አይሆንም። በዚህ መብራት ትገደልብኛለህ።»

«አሠራዋለሁ፣ እትዬ።»

«ስንት ጊዜ አሠራኸው? እስከ ሆሳዕና ካልተስተካከለ ከነመኪናው ሌላ ሰው እይዛለሁ። ይቺን ፒካፕ እሸጣታለሁ። አትቀየመኝ።»

«አልቀየምዎትም።»

ሸክም የሚሸከሙት ልጆች አጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበር። ደረጀ ሳያስበው ትከሻውን፣ ጠባሳው ያለበትን፣ አሸት አደረገው። እኔ ያን ጊዜ ነው ምን እንደፈራ የገባኝ።

ለመካኒክ አሳይቶት ነበር፤ አላሳየውም አይደለም። አንዱ አምፖሉ ነው አለ፤ አምፖል ተቀየረ። ሌላው ዲናሞው ነው አለ፤ ዲናሞው ወርዶ ተጠግኖ ተመለሰ። ሦስተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ረጅም ጊዜ አየና፣ «ይህ መኪና ደክሞታል» አለ።

እኔ ያመንኩት ይህን ሰውዬ ነው። ዓይን የሚርገበገበው እንቅልፍ ሲያጣ ነው፤ የእኔም ሳይነጋ ስነሳ ይርገበገባል። ስለዚህ በዚያው ቀን ሲመሽ ሁለት የሽንኩርት ጆንያ ፈልጌ የፒካፑን ዓይኖች ሸፈንኩለት። ጠዋት ደረጀ አየው።

«ተኝቷል?» አለኝ።

«ተኝቷል።»

«ጥሩ» አለና ጆንያዎቹን በሥርዓት አጣጥፎ ወንበሩ ኋላ አስቀመጣቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲመሽ ራሱ ይሸፍንለት ነበር። ለማንም አልነገረብኝም፤ ለከድርም ቢሆን።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

አብራ አጥፋው ሰለቸኝ። እሱ ኮፈኑ ሥር ሆኖ ሽቦ ይነካካል፤ ለእኔ የሚነግረኝ ነገር የለም። መብራቱን እንዳበራሁ ትቼ ፍሬቻውን አበራሁት፤ ድምፁን እወደዋለሁ። ቲክ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ቲክ ይላል። አጥሩን አየሁ። መብራቱ አብሮ ደከም ይላል፣ ይመለሳል፣ ደከም ይላል። በየቲኩ።

«ደሬ፣ ፍሬቻው ሲበራ ዓይኑ ይጨፈናል።»

ፉጨቱ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ፍሬቻው ሲበራ መብራቱ ይደክማል። ሲጠፋ ይመለሳል።»

ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ ከጎኔ መጣና አብሮኝ አጥሩን አየ። «ክላክሱን ምታው» አለኝ። መታሁት። እማዬ ደነገጠችና ምስሩ ተደፋ። መብራቱ ሊጠፋ ደርሶ ተመለሰ።

«አምፖሉም አይደለም፣ ዲናሞውም አይደለም» አለ። ፊቱ ሁሉ ተለውጧል። «አየህ አቡ፣ ፍሬቻውም፣ ክላክሱም፣ መብራቱም የሚመለሱት በአንድ በር ነው። ሁሉም በየራሱ ቢበላሽ እንዲህ አብረው አይጨነቁም። በሩ ነው የጠበበው።»

በሩ ከባትሪው ወጥቶ የመኪናው አካል ላይ በብሎን የሚታሰር ወፍራም ሽቦ ነበር። መካኒኮቹ ማሳ ይሉታል። ከባትሪውና ከክንፉ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ፣ ወደ ታች ወርዶ ታስሯል። ደረጀ በእጅ ባትሪ አበራበትና ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ።

«ና እይ።»

አየሁ። ሰማያዊ ነው። ብሎኑ ሥር፣ ሽቦው የሚያርፍበት፣ ሁሉም ነገር እንደ ውጭው አካል አምሮበት ሰማያዊ ሆኗል። ቀቢው ሽቦውን ፈትቶ፣ ሥሩን ቀብቶ፣ ቀለሙ ላይ መልሶ አስሮታል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብሎኑ በጥርሱ ቀለሙን ቧጥጦ በነካት ጥቂት ቦታ ነበር ያ ሁሉ መብራት ሲሠራ የከረመው። መንገዱ ሲነቀንቀው ይነካል፣ ይለቃል።

ደረጀ ከወንበሩ ሥር ሌላ ሽቦ አወጣ፤ አንዱን ጫፍ ባትሪው ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ቀለም ያልነካው ብረት ላይ ያዘ። አጥሩ ላይ ያሉት ሁለት ክቦች ቀጥ ብለው ቆሙ። ፍሬቻውን አበራሁት። ቲክ፣ ቲክ። ንቅንቅ የለም።

«እማዬ!» ብሎ ጠራት። «ልክ ነበርሽ። የበላው ቀለሙ ነው።»

«አልኳችሁ እኮ» አለች፤ ከምስሩ ቀና አላለችም።

ብሎኑ ግን ዝጎ እምቢ አለ። ዘይት አፈሰሰበት፣ ታገለው፣ ጭንቅላቱ ተበላ። ሲላቀቅ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። እንዳይወድቅ በጣቱ መልሶ አስገባውና አዲስ ብሎንና ብርጭቆ ወረቀት ሊገዛ በእግሩ ሄደ። ሲመለስ ላብ አጥምቆት ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ደረቱን አሸት አሸት አደረገ።

«ነገ ጠዋት ፍቀን እናስረዋለን» አለኝ። «ዛሬ ደክሞኛል።»

«አሁን ልፋቀው?»

«መሽቷል። ደግሞ አንተ ነህ የምትፍቀው፤ የእኔ እጅ እዚያ አይገባም። ግራህን አዘጋጃት።» ወረቀቱንና ብሎኑን ሰጠኝ፤ ኪሴ ከተትኳቸው። «ሰኞ ዴራ ስንደርስ ጋሽ በቀለን ሻይ እጋብዛቸዋለሁ። አያምኑኝም፣ ግን እጋብዛቸዋለሁ።»

ተነስቶ ፒካፑን ጆንያዎቹን አለበሰው። ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን።

ማታውን አልጽፈውም። ደረቱን በጣም አመመው፤ ጎረቤት ባጃጅ ጠርቶ እማዬ ይዛው ሄደች። የመጣችው ብቻዋን ነው። ከዚህ በላይ አልችልም።

ሲነጋ ግቢው ሰው ሞልቶ ነበር። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ፤ ወንበር ይወርዳል። እኔ የትናንቱን ሱሪ እንደለበስኩ ነኝ፤ ልብስ ቀይር ያለኝ ሰው አልነበረም። ቀብሩ አባታችን ባረፈበት፣ ሁሩታ ነው ተባለ። እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ያ ድምፃቸው አልነበረም። «በራሱ መኪና ይሂድ» አሉ። በራሱ መኪና ነው ያሉት።

የሚነዳው ከድር ነበር። ዓይኑ አብጦ፣ ማንንም ሳያይ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ለቅሶ የሚሸኝ መኪና በቀንም መብራቱን አብርቶ ነው የሚሄደው። ከድር ጆንያዎቹን አነሳና አበራ። አጥሩ ላይ ሁለቱም ተርገበገቡ።

ከድር ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ። «እንዲህ አድርጌ ነው የምወስደው?» አለ።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቱም ብሎኑም ነበሩ።

ኮፈኑን ከፈትኩና በክንፉ በኩል ተንጠለጠልኩ። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ትከሻዬን ያዙኝ። «አሁን አይደለም፣ የኔ ልጅ። ና ውረድ።»

«ጠዋት ትፍቀዋለህ ብሎኛል» አልኳቸው።

«ተዉት፣ አባባ» አለ ከድር። ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካኝም።

አሮጌውን ብሎን በጣቴ አወጣሁት። ሽቦውን ወደ ጎን ገፋሁት። ግራ እጄ ገባች፤ ልክ ነበረች። ፋቅኩ። ሰማያዊ ዱቄት ክንዴ ላይ ወረደ፤ ሽታው መጣ። ከሰማያዊው ሥር ግራጫ ነበር፤ እሱንም ፋቅኩት። ከግራጫው ሥር ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ብልጭ አለ። ሽቦውን መለስኩ፣ አዲሱን ብሎን አስገባሁ። ከድር የብሎን መፍቻውን አቀበለኝ፤ አልቀማኝም። ጉልበቴ ሲያልቅ እጄ ላይ እጁን ደርቦ አብረን አጠበቅነው።

መብራቱ አጥሩ ላይ ቀጥ አለ። ገብቼ ፍሬቻውን አበራሁት። ቲክ፣ ቲክ። ክላክሱን አልመታሁትም፤ ቤቱ ለቅሶ ላይ ነው። ከድር ወደ ቤታችን በር ዞሮ «ተሠራ» አለ። ለማን እንዳለው አልጠየቅኩትም።

ፊት፣ ከከድር ጎን ተቀመጥኩ። ደረጀ ከኋላችን ነበር፤ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው ይዘውታል። እማዬና ሌላው ሰው በአውቶቡስ ተከተሉን። ፀሐይ ስለነበር መብራታችንን ከውስጥ ማየት አይቻልም። ድልድዩን ስናልፍ መኪናው ነጠረ። ከፊት የሚመጡትን መኪኖች አንድ በአንድ አየኋቸው። ማንም ፍጥነቱን አልቀነሰም። ማንም ቀበቶ አልሳበም። በዚህ አወቅኩ።

ዴራን አልፈን ትንሽ እንደሄድን አንድ ስንዴ የጫነ መኪና ከዳገቱ ላይ ብቅ አለ። ከድር ዓይኑን አጠበበ።

«ጋሽ በቀለ ናቸው» አለ። «ከማዶ ነው የሚመጡት፤ አልሰሙም።»

መኪናቸው እየቀረበ መጣ።

«ንገራቸው» አለኝና ክንዱን ከፍ አደረገልኝ።

በሥሩ እጄን አሳልፌ የመብራቱን ማብሪያ ያዝኩ። ብልጭ አደረግኩት። እንደገና ብልጭ። እንደዚያን ቀን አፍንጫቸውን ነፍተው ፈጥነው የሚያልፉን መስሎኝ ነበር። ግን መኪናቸው ዝግ አለ። ይባስ ዝግ አለ፤ ከአስፋልቱ ወርዶ አቧራው ላይ ቆመ። አጠገባቸው ስንደርስ ወርደው ነበር። ከኋላችን ያለውን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አመኑን» አለ ከድር።

መብራቱን እስከ ሁሩታ አላጠፋነውም።